ፀሐይ በብርጭቆ ውስጥ ትገባለችን?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው መጥቶ «እነሆ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በአንዲት ቁራጭ ብረት የፀሐይን እሳት አነደድሁ፤ ከእንግዲህ እንጨትም፣ ነዳጅም፣ ግድብም አያስፈልጋችሁም» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ስቆ የሚያልፈው ሰው ይኖራል፤ ያለ አንዳች ጥያቄ የሚያምነውም አይጠፋም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምጋብዝዎ ሁለቱንም ትተን፣ ነገሩን በሚዛን ላይ አስቀምጠን እንድንመለከተው ነው። መመዘን ከመሳቅም ከማመንም ይልቅ ያደክማል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ነገሩ ተረት አይደለም። በማርች 23 ቀን 1989 (በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ግን ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ። ፓላዲየም የተባለውን ውድ ብረት በከባድ ውሃ ውስጥ ነክረን ኤሌክትሪክ ብናሳልፍበት፣ በኬሚስትሪ ሕግ ሊገኝ ከሚችለው የበለጠ ሙቀት አገኘን አሉ። የሙቀቱም ምንጭ የአቶም እምብርቶች መዋሐድ ነው ብለው አስታወቁ። ሙከራው የተደረገው በተራ ጠረጴዛ ላይ፣ በክፍል ሙቀት ነበርና «ቀዝቃዛ ውህደት» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ ያሉት ሰዎች «በዝቅተኛ ኀይል የሚደረግ የኒውክሌየር ለውጥ» ብለው መጥራትን ይመርጣሉ።

ወሬው በተሰማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ሙከራውን ለመድገም ተሯሯጡ። አንዳንዶቹ «እኛም አግኝተናል» ካሉ በኋላ ቃላቸውን መልሰው ወሰዱ፤ የሚበዙት ግን ምንም አላገኙም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ የቀረበው ማስረጃ አሳማኝ አይደለም ሲል ደመደመ። የሥራው ዝርዝር በሌሎች ሊቃውንት ዐይን ሳይፈተሽ በጋዜጠኞች ፊት መነገሩ ብዙ አሳማ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአገራችን ተረት ለኬሚስትሪ ሊቃውንትም ይሠራል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ካለፈ ዛሬ ለምን ታነሣዋለህ?» የሚሉኝ ይኖሩ ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላምበረት በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ስለዚሁ ነገር የሚናገር ፊልም በስልኩ ተመልክቶ ኖሮ፣ ከክፍል በኋላ ወደ እኔ ቀረበና «ቲቸር፣ ይህን ሙቀት የሚያስረዱ ብዙ ቲዎሪዎች አሉ፤ የጻፏቸውም ፕሮፌሰሮች ናቸው። ይህን ያህል ሊቅ የቆመለት ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ጥያቄውም የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚሰናከሉበት ድንጋይ ይኸው ነው።

የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ቲዎሪ ጠበቃ ነው እንጂ ምስክር አይደለም አልሁት። አንድ ባለጉዳይ አሥር ጠበቆች ቢያቆም፣ ነገሩን በዐይኑ ያየ አንድ ምስክር ከሌለው ዳኛው ምን ይፈርድለታል? እንዲያውም አሥሩ ጠበቆች አሥር የተለያየ ታሪክ የሚናገሩ ከሆነ ጥርጣሬው ይብሳል። ይሁን እንጂ ጠበቆቹን ሳይሰሙ ማሰናበትም ፍርድ አይደለምና፣ እስቲ አንድ በአንድ እናድምጣቸው።

በመጀመሪያ ግን ክሱን እንወቅ። ከላምበረት ወደ ሰሜን ቀና ብለን ብንመለከት የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየናል። በዚያ ተራራ ላይ በተሠራው ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ማታ ማታ የሚመለከቷቸው ከዋክብት፣ ቀን የምትሞቀን ፀሐይም ጭምር፣ የሚነዱት በውህደት ነው። የሃይድሮጅን እምብርቶች ተዋሕደው ሂሊየም ይሆናሉ፤ ከክብደታቸውም ጥቂቱ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ይለወጣል። ነገር ግን እምብርቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በመካከላቸው ከፍ ያለ ግንብ ቆሟል ብለን እናስብ። በፀሐይ መካከል ያለው ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ እርሱ እንኳ ግንቡን ለመዝለል አይበቃም። እምብርቶች ግንቡን ሳይዘሉ አልፎ አልፎ ሾልከው ሊያልፉ እንደሚችሉ በ1928 በሒሳብ ያሳየው ጆርጅ ጋሞቭ ነበር። ፀሐይ የምትነደው በዚህ ሹልክታ ነው።

ታዲያ በክፍል ሙቀትስ? ስቲቨን ኩኒንና ማይክል ናወንበርግ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በዚያው በ1989 ሒሳቡን ሠሩት። በእነርሱ ቁጥር ብንሄድ፣ ክብደቱ የፀሐይን ያህል የሆነ ቀዝቃዛ የዲዩተሪየም ጋዝ ቢከማች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚዋሐዱት ጥንዶች ሦስት ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ዲዩተሪየም ማለት በከባድ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ክብደቱ እጥፍ የሆነ ሃይድሮጅን ነው። በብርጭቆ ውስጥ ሙቀት ለማግኘት ግን በእያንዳንዱ ሴኮንድ በሺህ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥንዶች መዋሐድ አለባቸው። በፓላዲየም ውስጥ ደግሞ የዲዩተሪየም አቶሞች በጋዙ ሞለኪውል ውስጥ ካሉት ይልቅ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ እንጂ አይቀራረቡም።

ይህ የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው። የጉባኤው አንድ ሊቀ መንበር የነበረው ጆን ሁይዜንጋ ሦስት ተአምራት ያስፈልጋሉ ይል ነበር፤ ሁለቱ ቀጥለው ይመጣሉ። ሁለት ዲዩተሪየሞች ሲዋሐዱ ግማሽ ያህሉን ጊዜ አንድ ኒውትሮን ተወርውሮ ይወጣል፤ ይህም በብዙ ሙከራ የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ ዋት ሙቀት፣ ማለት ከአንዲት ትንሽ አምፖል ያነሰ ኀይል፣ በዚህ መንገድ ቢገኝ በሴኮንድ ከ800 ቢሊዮን የሚበልጡ ኒውትሮኖች ሊወጡ ይገባል። በአጠገቡ የቆመው ሊቅ በጤና ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ይህ ሁለተኛው ነው። «ምናልባት በቀጥታ ሂሊየም ሆኖ ይሆናል» ቢባል፣ በዚያ መንገድ የሚዋሐደው ከአሥር ሚሊዮን አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ኀይለኛ የጋማ ጨረር ይዞ ይወጣል። ጨረሩ አልታየም፤ ሦስተኛው ይኸው ነው። ባለሙያይቱ «በማገዶ ጋገርሁ» ብላ እንጀራውን ብታሳይ፣ ምጣዱ ሥር ግን አመድ፣ ጣራው ላይም ጥላሸት ባይኖር፣ ጎረቤት «እንጀራው ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ ምቀኝነት አይደለም።

አሁን ጠበቆቹ ይግቡ።

የመጀመሪያው ጠበቃ «እምብርቶቹን የሚያቀራርብ ነገር አለ» ይላል። ይህ አሳብ ባዶ አይደለም፤ በእርግጥ የታየ ቀዝቃዛ ውህደት አለና። ሁለት የሃይድሮጅን እምብርቶችን በሞለኪውል ውስጥ የሚያስተሳስሯቸው ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ኤሌክትሮኑ በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ እንደተጣለ ረዥም ቀንበር ነው እንበል። በኤሌክትሮኑ ፈንታ 207 ጊዜ የሚከብደው ሙዮን ቢገባ ቀንበሩ ወደ 200 ጊዜ ያህል ያጥራል፤ በሬዎቹም ጎን ለጎን ይጋጫሉ። ቻርልስ ፍራንክ ይህን በ1947 አስቀድሞ አሰበው፤ ሉዊስ አልቫሬዝና ጓደኞቹ በ1956 በዐይናቸው አዩት። ግን ሙዮን ዕድሜው 2.2 የሚሊዮንኛ ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ከመሞቱ በፊት የሚያዋሕዳቸው ጥንዶች 150 ያህል ናቸው፤ እርሱን ለመሥራት የሚወጣው ኀይል ደግሞ ከሚመለሰው ይበልጣል። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ተፈጥሮ ቀዝቃዛውን ውህደት ፈጽማ አልከለከለችም፤ ነገር ግን በታየበት ቦታ ሁሉ የውህደቱ ምልክት አብሮ ታይቷል፤ ሒሳቡም ተገጣጥሟል። በብረት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም ግንቡን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርጉት በጨረር መወርወሪያ መሣሪያ ተለክቷል። የዝቅታው መጠን ግን በመቶዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ግንቡ ደግሞ በመቶ ሺዎች። ከአንድ ሜትር ግንብ ላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል እንደመፋቅ ነው።

ሁለተኛው ጠበቃ የሁሉም ታላቅ ነው፤ በ1965 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጁሊያን ሽዊንገር። እርሱ ያለው፣ በብረት ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ተሰልፈው ስለሚንቀጠቀጡ፣ የውህደቱ ኀይል በጋማ ጨረር ከመውጣት ይልቅ ለመላው ሰልፍ ሊከፋፈል ይችላል የሚል ነበር። ጽሑፎቹን የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር መጽሔቶች ባለመቀበላቸው ተቆጥቶ ከማኅበሩ ወጣ። ፒተር ሃገልስታይን የተባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህርም ይህን የመሰለ አሳብ ለብዙ ዓመታት አብራርቷል። አሳቡ ያምራል፤ ጭንቁ ግን በዝርዝሩ ላይ ነው። ከአንዱ ውህደት የሚወጣው 23.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ አንዱ የብረት ንቅናቄ የሚሸከመው ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንዱን ትልቅ ኖት በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ሳንቲሞች መዘርዘር፣ ዝርዝሩንም ዐይን ከሚጠቀስበት ጊዜ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ለሰልፈኛው ሁሉ ማደል ያስፈልጋል። የሽዊንገር ስም ታላቅ ነው፤ ሳንቲሙ ግን በስም አይዘረዘርም።

ሦስተኛው ጠበቃ በ2006 የቀረበው የአለን ዊዶምና የሉዊስ ላርሰን ቲዎሪ ነው። እነዚህ ብልሆች ናቸው፤ ግንቡን ከመውጋት ይልቅ በዙሪያው ለመሄድ አሰቡ። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን ጋር ከተዋሐደ ኒውትሮን ይሆናል፤ ኒውትሮን ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለማይሸከም ማንም አይገፋውም፤ ወደፈለገው እምብርት ሰተት ብሎ ይገባል። ተማሪዬ በስልኩ ያየው ይህንኑ ነበርና፣ ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ አብረን ሠራነው። ኒውትሮን ከፕሮቶንና ከኤሌክትሮን ድምር ይከብዳል፤ ጉድለቱን ለመሙላት 780,000 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል መከፈል አለበት። በክፍል ሙቀት ያለ አቶም በኪሱ የያዘው ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ አርባኛ ገደማ ነው። ጉድለቱ 30 ሚሊዮን እጥፍ ሆነ። ቲዎሪው «በብረቱ ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች በኅብረት እየተወዛወዙ ለአንዱ ያዋጡለታል» ይላል፤ ዕቁብ መሆኑ ነው። ግን ይህን ያህል ትልቅ ዕጣ ለአንዱ ሲወጣ በሌላ መንገድ ያየው የለም። ከዚያም በላይ ኒውትሮኑን የዋጠው እምብርት ጋማ ጨረር መልቀቅ ሲኖርበት፣ ጨረሩ ያልታየበትን ምክንያት ለመስጠት ሌላ አዲስ አሳብ ይጨመራል። ልጁ ጠመኔውን አስቀምጦ ቁጥሩን ለረዥም ጊዜ ተመለከተውና «ታዲያ አንዱን ተአምር በሁለት ለወጡት» አለኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ሌሎችም አሉ። ዮንግ ኪም በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ አኪቶ ታካሃሺ በኦሳካ፣ ዲዩተሪየሞች ሁለት ሁለት ሆነው ሳይሆን በማኅበር ተሰብስበው እንደ አንድ አካል ይዋሐዳሉ የሚል አሳብ አቅርበዋል። እነርሱም ቢሆኑ፣ ለመቀራረብ ያልቻሉት ሁለቱ ከሆኑ ብዙዎቹ በአንድነት እንዴት ይቀራረባሉ ለሚለው ጥያቄ በሙከራ የታየ መልስ አላመጡም።

«እንግዲያው ሳይንስ በቲዎሪ ያልተፈቀደውን ነገር አይቀበልም ማለት ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም፤ ይህን በደንብ ልናገር እፈልጋለሁ። በ1903 ፒየር ኩሪና አልበርት ላቦርድ ራዲየም ያለማቋረጥ ሙቀት እንደሚሰጥ ለኩ፤ ሙቀቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሱን ክብደት ያህል በረዶ ለማቅለጥ ይበቃል። ያን ጊዜ የአቶም እምብርት መኖሩ እንኳ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም። ነገር ግን ራዲየም በእጁ የገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ሙቀት ስለለካ ሁሉም ተቀበለው። ዛሬ ምድር በሆዷ ካላት ሙቀት ከፊሉ ከዩራኒየም፣ ከቶሪየምና ከፖታሲየም ቀስ በቀስ መፍረስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ፍል ውሃ ታጥቦ የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ከዚህ ሙቀት ድርሻውን ሳያገኝ አልቀረም። ደግሞም በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ እጅግ በቀዘቀዘ ሜርኩሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት ሲያልፍ አየ። ምክንያቱ በሚገባ የተገለጸው በ1957 ነው። እነዚያን 46 ዓመታት ሁሉ ጠበቃ አልነበረም፤ ምስክር ግን በየላቦራቶሪው ሞልቶ ነበር። በቀዝቃዛው ውህደት ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጠበቃው በዛ፤ ምስክሩ ግን በተጠራ ቁጥር አይመጣም።

ምስክር የመሰለውም ሊያሳስት ይችላል። በ1926 ፍሪትስ ፓኔትና ኩርት ፔተርስ በበርሊን፣ ፓላዲየም ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም ለወጠልን ብለው ጽፈው ነበር። ሳይሰለቹ መርምረው ሂሊየሙ የወጣው ከዕቃቸው ከራሱ፣ ከብርጭቆውና ከአስቤስቶሱ እንደሆነ ባወቁ ጊዜ ግን በ1927 ራሳቸው አስታወቁ። እኔ ለተማሪዎቼ ፓኔትን የማስተምረው እንደ ተሸናፊ አይደለም፤ እንደ ጨዋ ሰው ነው።

ታዲያ በሩ ይዘጋ? አይዘጋም። ጉግል የተባለው ኩባንያ በሰጠው ገንዘብ ወደ 30 የሚጠጉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሠርተው በ2019 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የቀዝቃዛ ውህደት ምልክት አላገኘንም አሉ፤ ነገር ግን ስለ ብረትና ስለ ሃይድሮጅን ብዙ አዲስ ነገር ተማሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ከርቲስ በርሊንጌት በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቹ ጋር ሥራውን ቀጠለ። በ2025 በዚያው መጽሔት እንዳስታወቁት፣ በኤሌክትሪክ ጉልበት ዲዩተሪየም ጨምረው ባጠገቡት ፓላዲየም ላይ የዲዩተሪየም ጨረር ሲወረውሩ ውህደቱ በ15 በመቶ ያህል ጨመረ። የወጣው ኀይል ከገባው እጅግ ያነሰ ነው፤ ለማገዶ አይሆንም። ግን ማስረጃቸው ምንድን ነው? የተቆጠሩ ኒውትሮኖች ናቸው። የፍላይሽማን ብርጭቆ ያጣው ምስክር እዚህ ቀርቦ ቃሉን ሰጠ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ የካ የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው፣ ርካሽ እሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ የተሠራው ግን ኮንክሪት ተቆጥሮ፣ ውሃ ተለክቶ፣ የብዙ ሰው ጉልበትና ገንዘብ ወጥቶበት ነው። ችግር ያለበት አገር ተስፋ ይወዳል፤ ተስፋን የሚነግዱ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ዛሬ «በብርጭቆ ውስጥ ያለ ፀሐይ» የሚሸጥ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቸገረውን ሰው በር ነው። ስለዚህ መመዘን የሀብታም አገር ሊቃውንት ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ ለእኛ ከሌላው ይልቅ ያስፈልገናል። የሚስቅ ሕዝብ አዲስ ነገር አያገኝም፤ የማይጠይቅ ሕዝብም ያለውን ይነጠቃል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። የምኖርበት ሰፈር ስሙ ላምበረት በመሆኑ ተማሪዎቼ በዚህ ተረት ይሳሳቃሉ። ሆኖም በሰማይ ያለችው ላም በእርግጥ አለች፤ በየቀኑ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ወተቷም የስንዴው፣ የጤፉ፣ የባሕር ዛፉ ሕይወት ነው። ያልተረጋገጠው ወደ በረት መግባቷ ብቻ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ «ገብታለች» የሚል ሰው የመጣ እንደሆነ ሦስት ነገር ይጠይቁት። ለዚህ የሚከፈለው ኀይል ከየት መጣ? እውነት ከሆነ ሌላ ምን ነገር አብሮ ሊታይ ይገባል፤ ታይቷልስ? ደግሞም ምን ዓይነት ውጤት ቢገኝ «ተሳስቻለሁ» ይላሉ? ለሦስቱም የሚመልስ ሰው ከሆነ ወንበር ያቅርቡለትና በጥሞና ያድምጡት፤ ምናልባት ትልቅ ነገር ይዞ ይሆናል። በሦስተኛው ጥያቄ የሚቆጣ ከሆነ ግን፣ ቡናውን አጠጥተው በሰላም ይሸኙት፤ ገንዘብዎ ከኪስዎ አይውጣ።